ዋርድ ውስጥ ለሚቃዡ አዛውንት ሠራተኞቻችንን ምን እናሠልጥን?

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ። በዕድሜ የገፉና የመርሳት ችግር ያለባቸው ታካሚዎች በየጊዜው ይተኙብናል። ሌሊት ይነሣሉ፤ የሽንት ቱቦ (ካቴተር) እና የግሉኮስ መስመር ይነቅላሉ፤ ይጮኻሉ፤ አንዳንዴም ሠራተኛ ይመታሉ። እስከ አሁን እጃቸውን በጎዝ እያሰርን፣ ተረኛው ሐኪም የሚያዘውን የሚያስተኛ መርፌ እየሰጠን ቆይተናል። አሁን ለ36 ነርሶች የአንድ ቀን ሥልጠና በጀት ተፈቅዶልን፣ ስለ አልዛይመር ደረጃዎችና መድኃኒቶች የሚያስተምር ባለሙያ ልንጋብዝ አስበናል። በሽታው የማይድን ከሆነ ሥልጠናው ምን ይለውጣል? ምን ቢካተትበትስ ይሻላል?»

ምላሽ፦ የጋበዛችሁት ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ስለ አልዛይመር ደረጃዎች ቢተነትን፣ በማግስቱ ሌሊት በዋርዳችሁ የሚለወጥ ነገር አይኖርም። ምክንያቱም በጥያቄዎ የዘረዘሯቸው ነገሮች፣ ማለትም ሌሊት መነሣት፣ መስመር መንቀል፣ መጮኽና መማታት፣ ሆስፒታል በተኛ ታካሚ ላይ ድንገት ሲመጡ በአብዛኛው የመርሳት በሽታው ደረጃ ሳይሆኑ በላዩ የተደረበ ሌላ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ሠራተኞቻችሁ በቅድሚያ ሊማሩ የሚገባቸው ሁለቱን መለየት ነው።

የመርሳት በሽታ የምንለው፣ ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ እያሉ የማስታወስን፣ የማሰብን፣ የንግግርንና ራስን የማስተዳደርን ችሎታ የሚሸረሽሩ የአንጎል በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አልዛይመር ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። «እርጅና ነው» ወይም «ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ዕድሜ ለበሽታው ያጋልጣል እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። ሁለተኛው ችግር ዴሊሪየም ነው፤ ሕዝባችን ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለው፤ «ይቃዣሉ» ይላል። ዴሊሪየም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ፣ ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ የሚብስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትኩረትን የሚያሳጣ የአንጎል መታወክ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ለዴሊሪየም እጅግ የተጋለጡ በመሆናቸው ሁለቱ በአንድ አልጋ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለሠልጣኞቹ ደጋግሞ ሊነገራቸው የሚገባ ነገር አለ። ዴሊሪየም ሁልጊዜ አይጮኽም። ትናንት ሲነሡ፣ ሲቀመጡ፣ ሲጣሉ የነበሩ እናት ዛሬ ዐይናቸውን ገርበብ አድርገው፣ ሲጠሯቸው ዘግይተው እያቃሰቱ፣ ምግቡን ሳይነኩ ከዋሉ፣ በተረኞች ርክክብ ላይ «ዛሬ አደብ ገዝተዋል» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ከሚጮኹት ይልቅ የምፈራው ለእኒህ ነው፤ ጸጥ ያለው ዴሊሪየም ማንንም ስለማያስቸግር ማንም አይፈልገውም፣ በዚህም ምክንያት ሕክምናው ይዘገያል።

«የማይድን ከሆነ ምን ይለውጣል» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚሁ ላይ ነው። የመርሳት በሽታው በአብዛኛው አይድንም፤ ዴሊሪየሙ ግን መንሥኤ አለው፣ መንሥኤው ሲገኝና ሲታከምም ብዙውን ጊዜ ይለቃል። መንሥኤው የሳምባ ምች ወይም የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም መውጣት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ ያልታከመ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ ወይም በድንገት የተቋረጠ አረቄ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት አንድ ሌሊት የተጠራሁባቸው አዛውንት «ፈረሱን ከእግሬ ላይ አንሡት!» እያሉ ሲጮኹ አድረው፣ ሁለት እጃቸው ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ፣ ሁለት ጊዜ መርፌ ተወግተው አገኘኋቸው። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሆዳቸውን ስዳስስ ከእምብርታቸው በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ካቴተሩ በረጋ ደም ተደፍኖ ነበር። ሲለወጥላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ፣ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥም እንቅልፍ ወሰዳቸው። በዚያ ክፍል የነበሩት ነርሶች ደካሞች አልነበሩም፤ የሚጮኽ አዛውንት ሲያዩ ብርድ ልብስ መግለጥን ማንም አላስተማራቸውም ነበር።

መከላከልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ የእነ ሻሮን ኢኖዬ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። እንደተለመደው ከታከሙት 15 በመቶዎቹ ዴሊሪየም ሲይዛቸው፣ ልዩ እንክብካቤ ያገኙት ላይ ቁጥሩ ወደ 9.9 በመቶ ወርዷል። የተደረገላቸው ነገር ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያሉበትን ቦታና ቀን ማስታወስ፣ ከአልጋ አንሥቶ ማራመድ፣ እንቅልፋቸውን አለማቋረጥ፣ መነጽራቸውንና የመስሚያ መሣሪያቸውን መስጠት፣ ውኃ ማጠጣት ነበር። ከዚህም ብዙው የተሠራው በሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ነው።

እኛ ዘንድ በጎ ፈቃደኛ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ አስታማሚ አለን። በእንግሊዝ አገር የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ቤተሰቡ አብሮት እንዲቆይ ይፈቀድ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ሴቶች ዘመቻ ጀምረው ነበር፤ እነርሱ በዘመቻ የጠየቁትን እኛ በልማድ ይዘነው ሳለ፣ ማታ ላይ ጥበቃው በዱላ ጠርጎ ያስወጣዋል። ከዚያ በኋላ የሚያውቁት ፊት አጠገባቸው ያጡ አዛውንት በጨለማ ተነሥተው በሩን ሲፈልጉ «ተረበሹ» ይባላሉ። ስለዚህ ከሥልጠናው ትልቁን ድርሻ መያዝ ያለበት ከአስታማሚ ጋር የመሥራት ክህሎት ነው። ይህም የሚጀምረው ታካሚው በተኛበት ቀን ከሚጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች ነው፦ ቤት ውስጥ ማን ብላችሁ ትጠሯቸዋላችሁ? ባለፈው ፋሲካ ቡናውን ራሳቸው አፍልተው ነበር? ገበያ ሄደው መልስ ቆጥረው ይቀበሉ ነበር? ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው ያውቃል? እንዲህ የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ከዓመት ወይስ ከትናንት ወዲያ? የመጨረሻይቱ ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች፤ የታካሚውን የቀድሞ ሁኔታ የሚያውቀው ከአስታማሚው በቀር ማንም የለምና።

ይህን ስል ግን አስታማሚውን የነርስ ምትክ አድርጉት ማለቴ አይደለም። ሦስት ሌሊት ወለል ላይ ያደረች ልጅ ደክማለች፤ ተራ የምትለዋወጥበት ሰው ሊኖራት ይገባል። ሌላም ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በጀርባ የተኛን፣ ግማሽ እንቅልፍ የያዘውን ሰው አጥሚት ማጠጣት ወይም ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳምባ ይልካል። አስታማሚው ታካሚውን ቀና አድርጎ፣ መንቃቱን አረጋግጦ፣ በትንሽ በትንሹ እንዲያበላ ነርሷ ራሷ አሳይታ ልታስተምረው ይገባል።

ዴሊሪየምን ለመለየት በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች መካከል «ፎር ኤ ቲ» (4AT) የሚባለውን እመክራለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ ነርስም ተለማማጅ ሐኪምም (ኢንተርን) ሊሠራበት ይችላል። የታካሚውን ንቃት፣ ዕድሜን፣ የትውልድ ቀንን፣ ቦታንና ዓመተ ምሕረትን የሚመለከቱ አራት ጥያቄዎችን፣ ወሮችን ወደ ኋላ መቁጠርን፣ እንዲሁም ለውጡ ድንገተኛ ወይም የሚዋዥቅ መሆኑን ይመዝናል፤ ነጥቡ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዴሊሪየም ይጠረጠራል። ነገር ግን እንዳለ ቃል በቃል ተርጉማችሁ እንዳትወስዱት። ከእኛ አዛውንት ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም፤ ይህ የትምህርትና የመዝገብ ጉዳይ እንጂ የአንጎል ጉዳይ አይደለም። ወሮቹም ከነሐሴ ወደ መስከረም እንጂ ከዲሴምበር ወደ ጃንዋሪ ሊቆጠሩ አይችሉም፤ ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር ይጠየቅ። ሰዓቱን «ሦስት» ያሉ አዛውንት፣ በመዝገቡ ላይ ዘጠኝ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ «ጊዜን አያውቁም» ተብለው ተጽፎባቸው አይቻለሁ። ፊደል ላልቆጠሩት የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ማስቆጠር የተሻለ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ የተለወጠ መጠይቅ የመጀመሪያውን ነጥብ አሰጣጥ በቀጥታ እንደማይወርስ ሠልጣኞቹ ይወቁት፤ ለጥርጣሬና ለክትትል እንጂ ለብያኔ አይሆንም። በአጠራጣሪ ሁኔታ ከሁሉ የሚመዝነው የድንገተኛ ለውጥ ታሪክ ነው።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመርሳት በሽታ ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድሞ ሊወስድና ሰውየውን ወደ አፍ መፍቻው ሊመልሰው ይችላል። አርባ ዓመት ከተማ ውስጥ በአማርኛ የነገዱ አባት ድንገት በጉራጊኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ብቻ ሲመልሱ «ይቀባጥራሉ» ብሎ ከመጻፍ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ የጽዳት ሠራተኛ መጥራት ይበጃል።

ስለ አነጋገርና አያያዝ የሚሰጠው ትምህርት «ትሕትና አሳዩ» በሚል ጠቅላላ ምክር እንዲያልፍ አልሻም፤ ጥፋቱ ያለው በጥቃቅኑ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልካቸውን «መሪጌታ» ሲባሉ የኖሩ ሰው በሃያ ሦስት ዓመት ልጅ «አንተ፣ ተኛ!» ሲባሉ ቢቆጡ በሽታ አይደለም። ለልብ ምርመራ ሲባል ማተባቸው በመቀስ የተቆረጠባቸው እናት ነርሷን ቢመቱ፣ ወንድ ነርስ ሊያጥባቸው ሲቀርብ የሚታገሉት እመት፣ በጾም ቀን ወተት ቀርቦላቸው አፋቸውን የሚገጥሙት አባት፣ ሁሉም በመዝገቡ ላይ «ተባባሪ አይደሉም» ተብለው ይጻፋሉ። ማተቡን ማላላት ወይም ማዞር ይቻላል፤ ለእመት ሴት ነርስ ትመደብ፤ ጾሙን የነፍስ አባታቸው መጥተው ቢፈቱላቸው ከአምስት ነርስ ልመና ይልቅ ይሰሟቸዋል። ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት ራውንዱስ? ስምንት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አልጋውን ከቦ በእንግሊዝኛ ሲነጋገር፣ አንዱ ጣቱን ሲቀስር፣ ሌላው ሲስቅ፣ ነገሩን መከተል ያቃታቸው አዛውንት «ሊገድሉኝ እየተማከሩ ነው» ቢሉ ከቅዠት ይልቅ ከአስተዋይነት የቀረበ ነው። ራውንዱ እንዳበቃ አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ከዐይናቸው ትይዩ ተቀምጦ፣ በአጭር ዐረፍተ ነገር የተባለውን ቢነግራቸው ብዙ ጩኸት ይቀራል።

ሕመማቸውን መናገር ለማይችሉት ደግሞ አተነፋፈስን፣ የሚያሰሙትን ድምፅ፣ ፊትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴንና ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋታቸውን እያንዳንዱን ከ0 እስከ 2 የሚመዝነው «ፔይናድ» የተባለው መለኪያ ይጠቅማል። በተለይ የዳሌ አጥንታቸው በተሰበረ አዛውንት ላይ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ «የባሕርይ ችግር» የተባለውን ሊያስወግድ ይችላል።

አሁን ወደ ማሰሩ እንምጣ። እጅን በጎዝ ማሰር ታካሚውን ከመውደቅ እንደሚያድን ይታመናል፤ ነገር ግን የታሰረ ሰው ለመፈታት ይታገላል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ በጀርባው ተጋድሞ ስለሚውል የአልጋ ቁስል ይወጣበታል፣ ሲያስታውከው መዞር አይችልም፣ ዴሊሪየሙም ይብሳል። መስመሩን የሚነቅል ታካሚ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እንሰረው» ሳይሆን «መስመሩ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ» መሆን አለበት። ካቴተር ለነርስ ሥራ ማቅለያ ተብሎ ከገባ ቀድሞ ሊወጣ ይገባል። የግሉኮስ መስመሩ የግድ ከሆነ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ቱቦው በእጅጌ ውስጥ አልፎ ከዐይናቸው ይሰወር፤ አልጋው ዝቅ ይበል፤ አስታማሚው አጠገባቸው ይቀመጥ።

መርፌውንም በሚመለከት የተሳሳተ ልማድ አለ። ዲያዜፓም የተባለው የሚያስተኛ መድኃኒት ዴሊሪየምን ያባብሳል፤ ዋናው ቦታው አረቄ ወይም ራሱን የመሰለ ማስታገሻ በማቋረጥ የሚመጣ መቃዠት ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አዛውንት ላይ የሞት አደጋን ስለሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በአዳዲሶቹ ላይ፣ በ2008 ደግሞ በነባሮቹ ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዝዟል። ሰውነታቸው የሚገተርና የሌለ ሰው የሚታያቸው፣ ሌዊ ቦዲ የተባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት የሚጠረጠርባቸው ታካሚዎች ላይ ሃሎፔሪዶል ጭራሹን መራቅ ያለበት ነው። ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሲያጋልጥ፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት፣ ሐኪሙ በአነስተኛ መጠንና ለጥቂት ቀናት ሊያዝ ይችላል፤ ለአዛውንት የተለመደው መነሻ 0.5 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ የመርፌው አምፑል ግን 5 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሙሉውን አምፑል መስጠት የመነሻውን አሥር እጥፍ መስጠት መሆኑን ነርሶቹም ኢንተርኖቹም በቃላቸው ሊያውቁት ይገባል።

የሥልጠናውን አሰጣጥ በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ የአንድ ቀኑን የአዳራሽ ሥልጠና ተዉት። 36ቱን ነርሶች በአንድ ቀን ከዋርድ ማውጣት በራሱ አይቻልም፤ የሚቀሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ተረኞች፣ ማለትም ሥልጠናው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ይልቅስ በጀቱን ለስድስት ሳምንት አከፋፍሉት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጠዋትና በማታ ርክክብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ በዚያ ቀን የተኛን አንድ ታካሚ ይዞ ይሠልጠን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለመለየትና ለ«ብርድ ልብሱን ግለጡ» ይሁኑ፤ ቀጥሎ ከአስታማሚ ጋር ስለ መሥራት፣ ከዚያም ስለ ማሰርና ስለ መርፌ፤ የቀረው ለመለማመጃ። አንድ ልምምድ በግሌ ከስላይድ ሁሉ አስበልጣለሁ፦ ሠልጣኙ አልጋ ላይ ይተኛ፣ ጆሮው በጥጥ ይደፈን፣ ዐይኑ በቫዝሊን በተቀባ መነጽር ይጋረድ፣ ከዚያ ሁለት ባልደረቦቹ ሳይነግሩት ብርድ ልብሱን ገፈው ይገልብጡት። አብዛኛው ሰው እጁን ለመከላከል ያነሣል፤ ያኔ «ታካሚው መታኝ» የሚለውን ሪፖርት ሌላ ዐይን ያየዋል።

ነርሶች ብቻ አይበቁም። ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ታካሚ የሚያመላልሱት ፖርተሮች፣ ኢንተርኖቹና የክፍሉ ሐኪም መኖር አለባቸው፤ አዛውንቱን በር ላይ የሚያገኛቸው ጥበቃው ነው፣ መርፌውን የሚያዘው ደግሞ ሐኪሙ ነውና። የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ካልተቀመጠበት ሥልጠናውን ባትጀምሩት እመርጣለሁ፤ ነርሷ የተማረችውን ትእዛዙ ያፈርሰዋል። ይዘቱን ከባዶ መጻፍ አያስፈልጋችሁም፤ የዓለም ጤና ድርጅት «ኤምኤችጋፕ» የተባለው መመሪያ ስለ መርሳት በሽታ አንድ ክፍል አለው፣ በአገራችንም ሲሠራበት ቆይቷል። ግን የተዘጋጀው ለጠቅላላ ጤና አገልግሎት እንጂ ለሆስፒታል ዋርድ ስላልሆነ፣ የዴሊሪየሙን ትምህርት እናንተ ራሳችሁ ልታጠናክሩት ይገባል።

ሥልጠና የማይችለውንም ልንገርዎት። በሌሊት አንዲት ነርስ ሠላሳ ታካሚ የምትጠብቅ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል ብትሠለጥን ከሁሉም አጠገብ መቀመጥ አትችልም። ኢንተርኖች በየጥቂት ሳምንቱ ስለሚቀያየሩ ትምህርቱ ካልተደገመ አብሯቸው ይወጣል። በሥልጠናው ማግስት የሚሰጥ የጽሑፍ ፈተናም የሚለካው ትዝታን እንጂ ሥራን አይደለም። ከዚህ ይልቅ ከመጀመሩ በፊትና ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ነገር ቁጠሩ፦ በአንድ ሳምንት እጃቸው የታሰሩ ስንት ናቸው፣ ምክንያቱ ያልተጻፈ ካቴተር ስንት ነው፣ ከገቡት አዛውንት ስንቶቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዴሊሪየም ተመዘኑ። እንዲሁም ማንም ሰው ሲቃዥ ሳለ የመርሳት በሽታ አለበት ተብሎ አይበየን፤ መቃዠቱ ከለቀቀ ከሳምንታት በኋላ በተመላላሽ ክፍል ይታይ፣ የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግለት፣ ቀደም ሲል ወድቆ ከነበረም በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም አለመኖሩ ይጣራ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚታከሙ ናቸው።

ባለሙያው እስኪመጣ አትጠብቁ። ከሆስፒታሉ የነርሶች ኃላፊ (ሜትረን) እና ከጥበቃ ኃላፊው ጋር ተነጋግራችሁ፣ ለሚቃዡ ወይም የመርሳት በሽታ ላለባቸው ታካሚዎች አንድ አስታማሚ ሌሊቱን እንዲያድር የሚፈቅድ፣ ማኅተም ያለበት ካርድ በዚህ ሳምንት አሠሩ። አንዱን ለታካሚው መዝገብ፣ አንዱን ለአስታማሚው ስጡ፤ ጥበቃው እንዳያስወጣቸው በመጀመሪያው ሌሊት እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ቆመው ያረጋግጡ።